ማኅተም ያለው ጥቅል



«ጥቅል» ሲባል ባለቤቴ የሚታያት ጎመን ነው። ልጄ የሚታየው ከቴሌ የሚገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ነው፤ ያውም የሌሊቱ። ሰሞኑን ደግሞ ሦስተኛ ጥቅል ቤታችን ገብቷል። የኮምፒውተር ሰዎች ጥቅል የሚሉት አንድ ፕሮግራም ከነፋይሎቹና ከነመመሪያው፣ «እኔ እንድሠራ እነ እገሌ አብረውኝ ሊኖሩ ይገባል» ከሚል ዝርዝር ጋር ታስሮ የተቀመጠበትን ነው። እነዚህን ጥቅሎች ከመጋዘን የሚያመጣ፣ በየቦታቸው የሚደረድር፣ አዲስ ሲመጣ አሮጌውን የሚለውጥ ሠራተኛም አለ። «ፓኬጅ ማናጀር» ይሉታል። እኔ ግምጃ ቤት ኃላፊ ብዬዋለሁ።

«ይኼ ለቤተሰብ ገጽ ምኑ ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ የአባታችን ደብተር ነው።

አባታችን ካረፉ ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ነው። መምህር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከትውልድ ቀያቸው ጀምረው እስከ አዲስ አበባ ኑሯቸው ያለውን በሁለት ወፍራም ደብተር ጽፈው ትተውልናል። በመሃል የግእዝ ጥቅስ አለ፣ የዘር ሐረግ አለ፣ የግብር ሒሳብ ሳይቀር አለ። ለሰባተኛ ዓመት መታሰቢያቸው አርባ ቅጂ አሳትመን ለዘመድ አዝማድ ልናድል ተስማማን። ደብተሮቹም እዚሁ አትላስ አካባቢ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች ለአንዱ ተሰጥተው ተተየቡ።

ችግሩ የመጣው ፍላሹ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ነው። ተየባው ያለቀበት ቤት 132 ገጽ የነበረው ጽሑፍ ሊታተም ሌላ ቤት ሲከፈት 151 ገጽ ሆነ። ማውጫው «ምዕራፍ ሦስት፣ ገጽ 41» ይላል፤ ገጽ 41 ስንገልጥ የምናገኘው የአያታችንን ሠርግ እኩሌታ ነው። የግእዙ ጥቅስ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ፍላሹም ከአንዱ ቤት ይዞት የወጣ ቫይረስ ፋይሎቹን ሸሽጎ «ሾርትከት» ብቻ ያሳየን ጀመር። መታሰቢያው ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቷል።

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ምህንድስና ትማራለች። ፋይሉን ከፍታ አገላብጣ አየችና፣

«ጋሼ፣ የጽሕፈት ቤቷን ልጅ አትቆጧት» አለችኝ።

«ታዲያ ማንን ልቆጣ?»

«ማንንም። ጽሑፉና መልኩ አንድ ላይ ተቦክተው ነው የተጋገሩት። ፋይሉ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የፊደሉን ዓይነት ስም ነው እንጂ ፊደሉን ራሱን አይደለም። ሌላው ኮምፒውተር ያ ፊደል ከሌለው የራሱን ይተካበታል፤ ስፋቱ ስለሚለያይ መስመሩ ይገፋል፣ ገጹ ይገፋል። ግእዙ ደግሞ የተተየበው የራሱ የቁጥር አሰጣጥ ባለው የድሮ ፊደል ነው፤ ያ ፊደል በሌለበት ቤት ማንም አያነበውም።»

መፍትሔዋ ላቴክ የሚባል ፕሮግራም ሆነ። በላቴክ የሚጻፈው ተራ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው «ይኼ የምዕራፍ ርእስ ነው፤ ይኼ የግርጌ ማስታወሻ ነው» እያለ ምልክት ብቻ ያደርጋል። መስመሩን የሚያስተካክለው፣ ገጹን የሚቆጥረው፣ ማውጫውን የሚያወጣው ፕሮግራሙ ነው። በእርሳስ ፊደል ዘመን በየማተሚያ ቤቱ የነበሩትን ፊደል ለቃሚዎች ታስታውሱ እንደሆነ፣ ላቴክ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ፊደል ለቃሚ ነው።

አመጣጡም ከቁጭት ነው። ዶናልድ ክኑት የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ለመጽሐፉ አዲስ እትም የተለቀመለትን ናሙና አይቶ መልኩ አላማረውም። ፊደል የሚለቅም ፕሮግራም ራሱ ሊሠራ ተቀመጠ። የአንድ ዓመት ሥራ የመሰለው ነገር ዐሥር ዓመት ገደማ ፈጀበት። «ቴክ» ብሎ ሰየመው፤ ለዓለምም በነፃ ሰጠው። በ1980ዎቹ ሌስሊ ላምፖርት አጠቃቀሙን የሚያቃልል ክፍል ጨመረበትና ላቴክ ተባለ። ክኑት የስሙ መጨረሻ ከጉሮሮ እንዲወጣ ይፈልጋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ይቸገሩበታል እንጂ እኛስ «ኽ» የምትባል ፊደል አለችን።

እንግዲህ ይኼን ፕሮግራም ከየት እናምጣው? በከተማችን ልማድ ፕሮግራም የሚመጣው ከሚያውቁት ሰው ፍላሽ ነው። «ክራክ ነው፤ ግን ይሠራል» ይባላል፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተጨመረበት ማንም አይጠይቅም። ልጅቷ ግን አሮጌ ላፕቶፗ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ጭናለች። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሲሆን መሠረቱ በ1993 የተጀመረው ዴቢያን ነው። የሁለቱም ግምጃ ቤት ኃላፊ «አፕት» ይባላል።

የሌሊቱ ጥቅል ሲጀምር ጥቁሩን መስኮት ከፈተች። በመጀመሪያ «ሱዶ አፕት አፕዴት» የሚለውን ጻፈች፤ የመጋዘኑን የዕቃ ዝርዝር አድስ ማለት ነው። ቀጥላ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብላ የምትፈልገውን ስም አስከተለች። ኃላፊው ረጅም የስም ዝርዝር ደረደረና ይኼን ያህል ሜጋባይት ይወርዳል፣ ዲስክህ ላይ ይኼን ያህል ቦታ ይይዛል፣ ልቀጥል ወይ? ብሎ ጠየቀ።

«አንድ ነገር አይደል እንዴ የጠየቅሽው? ይኼ ሁሉ ሠራዊት ምን ሊያደርግ መጣ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ዶሮ ወጥ ይሠራ ሲባል የሚገዛው ዶሮ ብቻ ነው?»

እውነቷን ነው። ዶሮዋን ሽንኩርት ይከተላታል፣ በርበሬ ይከተላታል፣ ቅቤ ይከተላታል። በርበሬው ደግሞ ያለ ኮረሪማና ያለ ነጭ ሽንኩርት በርበሬ አይሆንም። ጥሩ ባለሙያ ገበያ ከመውጣቷ በፊት ጓዳዋን ታያለች፤ ያለውን ትታ የጎደለውን ብቻ ትገዛለች። ግምጃ ቤት ኃላፊውም የሚሠራው ይኼንኑ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል የሚፈልገውን ከዝርዝሩ ያነባል፣ የሚፈለገው የሚፈልገውንም ይከተላል፣ ቤት ያለውን ትቶ የሌለውን ያመጣል።

እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፤ ስክሪኑ ድርግም አለ። «የጥቅልሽ ብር ውኃ በላው» ብዬ ተኛሁ። መብራት ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ደገመችው። የወረደውን ሳይነካ ከቆመበት ቀጠለ።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የማረከኝ ማኅተሙ ነው። እኛ የማኅተም ሕዝብ ነን። ደብዳቤ ቢጻፍ፣ ፊርማ ቢያርፍበት፣ ቲተር ቢመታበት፣ ክቡ ማኅተም ከሌለ «ሂድና አስመታ» ተብሎ ይመለሳል። በአፕትም ቤት እንዲሁ ነው። የዕቃው ዝርዝር ባለቤቶቹ ብቻ ሊያሳርፉት በሚችሉት የኮምፒውተር ፊርማ ይታተማል። ዝርዝሩ ውስጥ የእያንዳንዱ ጥቅል አሻራ አለ፤ በጥቅሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል። አፕት ጥቅሉ ሲደርሰው አሻራውን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል፤ ካልገጠመ አያስገባም። ከዚህ በኋላ አስቡት፦ ለቀበሌ መታወቂያ ማኅተም የምንጠይቅ ሰዎች የአባታችንን ሕይወት ለማንም ፍላሽ አሳልፈን ስንሰጥ ምንም አይመስለንም።

«በዚያ መጋዘን ውስጥ አማርኛ አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። አለ። «ቴክስላይቭ-ላንግ-አዘር» የሚባል ጥቅል አለ፤ ሲፈታ ውስጡ «ኢትዮፕ» የሚባል ሥራ ይገኛል። የሠሩት ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ኦላፍ ኩመርና ዮኸን ሜትሲንገር ናቸው፤ ኩድሌክ በጀርመን የሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ጊዜው 1990ዎቹ ነው፣ በፈረንጆቹ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ስለሆነ ያን ጊዜ አማርኛውን የሚጽፉት በላቲን ፊደል ነበር፤ ፕሮግራሙ ወደ ግእዝ ፊደል ይለውጠዋል። ሠርተውም በነፃ መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት፤ ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ፊደላችን እንዲህ ሩቅ አገር መለቀሙ አዲስ አይደለም። በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ የታተመውም እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ ያሳተመው እዚያ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝ ተምሮ ነው። ከሮም እስከ ሀምቡርግ ድረስ በሰው አገር ተቀምጠው ፊደላችንን ያልረሱ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ዛሬ በላቲን መጻፍ ቀርቷል። «ዚቴክ» የሚባለው የቴክ ታናሽ ወንድም፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በጆናታን ኪው የወጣው፣ ዩኒኮድን በቀጥታ ያነባል። ስለዚህ ልጅቷ ያመጣችው ሦስት ነገር ነው፦ ዚቴክ፣ ያ የልዩ ልዩ ቋንቋዎች ጥቅልና «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» የሚባለው የፊደል ጥቅል። ከዚሁ ጋር የመጣ አንድ ደንብ ደስ አሰኝቶኛል። የእንግሊዝኛ ቃል መስመር መጨረሻ ላይ ሲሰበር ቦታ ተመርጦ ጭረት ይደረግለታል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ግን ቃሉን በየትኛውም ፊደል ላይ ሰብረው ያለ ጭረት ወደ ታች ያወርዱ ነበር። ይኼም ደንብ ተጽፎ መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጧል።

የአባታችን ጽሑፍ በዚህ መንገድ 138 ገጽ ሆነ። ፒዲኤፍ ሆኖ ሲወጣ ፊደሉን ይዞ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት 138 ነው። ሊታተም ሁለት ሳምንት ሲቀረው ታላቅ አክስታችን ደወሉ። «ከሐረጉ ውስጥ የአያታችሁ ታናሽ ወንድም ተረስቷል፤ ልጆቹ ቢያዩ ምን ይላሉ?» አሉ። በድሮው ፋይል ቢሆን ማውጫው እንደገና በእጅ ሊለቀም ነበር። ልጅቷ ሁለት ገጽ ጨመረች፣ ፕሮግራሙን አዘዘች፣ ገጹም ማውጫውም ራሱን አስተካክሎ 140 ሆኖ ወጣ። የተረሳው ሰው ቦታውን አገኘ። ከሁሉ በላይ የጨነቀን እሱ ነበርና ትልቅ እፎይታ ሆነልን።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው ግን አልላችሁም። ላቴክ ቁጡ ነው፤ አንዲት ቅንፍ ሳትዘጋ ብትቀር ሥራውን አቁሞ በእንግሊዝኛ ያጉረመርማል። እህቴ ፋይሉን ነክታ ማረም ስላልቻለች በወረቀት አትመንላት በቀይ እስክሪብቶ አረመች። ለዕድር ደብዳቤና ለሠርግ ጥሪ የለመዳችሁት ፕሮግራም ይበቃል። ረጅም ጽሑፍ፣ የመመረቂያ ወረቀት፣ መጽሐፍ ሲሆን ነው ይኼ ድካም የሚክስ።

ልትሞክሩት ለምታስቡ ጥቂት ምክር ልስጥ። «ቴክስላይቭ-ፉል» የሚለውን ሙሉውን አትዘዙ፤ ብዙ ጊጋባይት ነው፣ ወርኃዊ ጥቅላችሁን ይጨርሰዋል። ከላይ የጠራኋቸው ሦስቱ በጥቂት መቶ ሜጋባይት ያስጀምሯችኋል። ከመጫናችሁ በፊት ዝርዝሩን አድሱ። «ይኼ ፋይል የለም» የሚል ቁጣ ሲመጣ ፋይሉን ከየድረ ገጹ አትልቀሙ፤ «አፕት-ፋይል» የሚባለው መሣሪያ የትኛው ጥቅል ውስጥ እንዳለ ይነግራችኋል። ጎረቤታችሁም ያው የኡቡንቱ እትም ካለው፣ ኃላፊውን «አፕት-ጌት» በሚለው የቀድሞ ስሙ ብትጠሩት ያወረዳቸውን ጥቅሎች ስለሚያስቀምጥ ለሱ መገልበጥ ይቻላል። የሱ ኃላፊ በራሱ ዝርዝር አመሳክሮ ይቀበላቸዋል፤ ዳግም ማውረድ የለም።

ኡቡንቱም ላቴክም አያገባንም የምትሉ ደግሞ ይቺን አንዲት ጥያቄ ያዙ። የወላጆቻችሁን ደብተር ለማስተየብ ጽሕፈት ቤት ስትገቡ ስለ ዋጋው ከመጠየቃችሁ በፊት «የምትተይቡት በዩኒኮድ ነው ወይ?» በሉ። አይደለም ካሏችሁ ደብተሩን ይዛችሁ ውጡ፤ ቀጥሎ ያለው ቤት ሩቅ አይደለም። ከተተየበም በኋላ ፒዲኤፉን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉን ራሱን ተቀበሉ፤ ከአንድ ቦታ በላይ አስቀምጡ። ወረቀቱ የሚያገለግለው ለመታሰቢያው ቀን ነው፤ ፋይሉን ግን ገና ያልተወለዱት ይከፍቱታል።