በቃል እምቢታ አንመለስም

ውድ የእድራችን አባላትና የሰፈራችን ነዋሪዎች፣

ባለፈው ሳምንት ከአንዲት እናት ጋር ትምህርት ቤት ሄደን ነበር። የ8 ዓመት ልጇ ጆሮዋ በደንብ አይሰማም። መምህሩ «ትምህርት አይገባትም፣ ቤት ትቆይ» ብለው መልሰዋታል። እውነቱን እንናገር ካልን እኛም ስንጠራት ዝም ስትል «ባለጌ» እያልን የኖርን ነን።

ርእሰ መምህሩ በደንብ አስተናገዱን፣ ሻይ ሁሉ አስመጡልን። መልሳቸው ግን «ልዩ መምህር የለንም» ሆነ። እኛ መቼ ልዩ መምህር ጠየቅን? ልጅቷ ፊት ወንበር ትቀመጥ፣ መምህሩም ወደ ሰሌዳው ዞረው ሳይሆን ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ያስተምሩ ነው ያልነው። ይኸ እኮ ሳንቲም አያስወጣም! አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በስምምነቱም መሠረት ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት ሊገለል አይገባም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ። እምቢ ከተባላችሁም እምቢታውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል የተባለው ወረዳ ሲደረስ «መቼ አልን?» ይሆናል። የጤና ጣቢያ የምርመራ ወረቀት ካለ አያይዙ። መጻፍ የሚቸግራችሁ፣ የወር መዋጮ በሚከፈልበት እሁድ እድሩ ቤት ኑ፣ አብረን እንጽፋለን፤ ወረቀቱ ከእኛ።

የእድሩ ጸሐፊ