ታሪክ በግራም አይሸጥም!

ለዘመድ ለቅሶ ማሻ ሄጄ ሳለሁ አንዲት እናት ሦስት ጠገራ ብር ከሙዳያቸው አውጥተው ሲሸጡ አየሁ። ገዢው ከኪሱ ትንሽዬ ሚዛን አወጣ፣ መዘነ፣ በግራም አስቦ ከፈለና ሄደ። ከሦስቱ አንዱ ላይ ያለው የሴትዮዋ ሳይሆን የአፄ ምኒልክ መልክ ነበር። ዋጋው ግን እኩል!

«እማማ፣ ምነው ሸጡት?» ብላቸው፣ «ለማዳበሪያ ጎደለኝ ልጄ፤ እሱ በሙዳይ ቢያድር አይበላ» አሉኝ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ማርትሬዛም ሆነ የምኒልክ ብር እያንዳንዳቸው 28 ግራም ገደማ ናቸው። ሚዛን አይለያቸውም። የምኒልኩ ግን ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ ላይ የተመታ፣ በራሳችን ፊደል የተጻፈበት፣ የነፃ አገር ገንዘብ ነው። በቁጥርም ከማርትሬዛ እጅግ ያንሳል።

ማርትሬዛዋም ብትሆን ነጋዴዎቹ እንደሚያወሩላት አይደለችም። የኦስትሪያዋ ንግሥት በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም፣ ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲመታ ኖሯል። ጣሊያን በ1891 እ.ኤ.አ. ለኤርትራ በንጉሧ መልክ የራሷን ጠገራ ብታወጣም ሕዝቡ ማርትሬዛን አልተወም። ስለዚህ ሙሶሊኒ በ1935 እ.ኤ.አ. የመምቻ ቅርጹን ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ ማርትሬዛን አስመታ። በዚያው ዓመት ወረረን! እንግሊዝም በበኩሏ ለንደንና ቦምቤይ ላይ መታች። እንግዲህ በሙዳይ ያለችው ብር የወራሪ ስንቅ የተገዛባት ልትሆን ትችላለች፤ የአርበኛ ጥይት የተገዛባትም ልትሆን ትችላለች። ይህን የሚለየው ባለሙያ እንጂ ሚዛን አይደለም።

አንጥረኛ ጠገራ አቅልጦ መስቀልና ድሪ መሥራቱ የቆየ የአገር ሙያ ነው፤ እሱን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ባለቤቱ የያዘውን ሳያውቅ መሸጡን ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። መልካም! ለመሆኑ ለማሻ ገበሬ ማን አነበበለት? ሹማምንቱ ስለ ቅርስ በየአዳራሹ ሲያጨበጭቡ፣ ባለሚዛኑ በየጓዳው ገብቷል።

አንድ ባለሙያ ወደ ወረዳው ልኮ የቤተሰብ ብሮችን በፎቶ መመዝገብና ለባለቤቶቹ ምንነታቸውን መንገር ያን ያህል ከባድ ነው? እናንተም ፒያሳና መርካቶ ጠገራ የምትሰበስቡ ወገኖች፣ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፣ ጻፉት፣ የሚገባውንም ክፈሉ።

«ያባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለውን ተረት እንኳ ይቅርብን።

ቸር ይግጠመን!