ጋሼ ማን ይባል ነበር?

“ምነው ጠፋህ?” ብላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ፣ ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፈው የጠፋሁበትን ምክንያት ነው። ረዘም ስለሚል ሥራ ላይ ያላችሁ ለእረፍት ሰዓት አቆዩት። እኔም የምጽፈው ቨርጂኒያ ደለስ ኤርፖርት የታክሲ ተራ ይዤ ነው። ከፊቴ ወደ አርባ የሚሆን መኪና ስላለ ጊዜ ሞልቷል።

አንድ ወዳጄ ሞተ። የሆዴን የሚያውቅ ወዳጄ ነበር። ስሙን ግን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው።

ከ97ቱ ምርጫ ማግስት ፓልቶክ ላይ ስንጨቃጨቅ የተዋወቅን አስራ አንድ ሰዎች ነን። ያኔ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ እጅ አውጥቶ ማይክ ለማግኘት ግማሽ ሌሊት ይጠበቅ ነበር፣ አድሚኑን ያስቀየመ ደግሞ ቀይ ነጥብ ይለጠፍበትና አፉ ይዘጋል። ቀይ ነጥብ የበዛብን ሰዎች ተሰባስበን የራሳችንን ትንሽ ክፍል ከፈትን። ፖለቲካው በሁለት ዓመት አለቀ (እኛ ደከመን ማለቴ ነው እንጂ እሱስ መቼ ያልቃል)፣ ወዳጅነቱ ግን ቀረ። ከፓልቶክ ወደ ፌስቡክ፣ ከዚያ ቫይበር፣ አሁን ቴሌግራም። አንዱ ፍራንክፈርት እንደኔው ታክሲ ይነዳል፣ አንዷ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፣ ቶሮንቶም ቴል አቪቭም ሜልበርንም አሉን። በአካል የተያየን ሦስት ብንሆን ነው።

ጋሼ ሲያትል ነበር። የፓልቶክ ስሙ የአንድ ወንዝ ስም ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠን ከፊቱ ጋሼ እያልን ስንጠራው ወንዙ ቀረና ጋሼ ብቻ ሆነ። “አንቱ” ስንለው “ገና ጎረምሳ ነኝ” ብሎ ይቆጣ ስለነበር አሁንም እሱ እንዳስለመደን ነው የምጽፈው። ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ሥራ ይሠራል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲወጣ የቡና ስኒውንና አረንጓዴ ፔርሙዙን ፎቶ አንስቶ “እንዴት አደራችሁ፣ እኔ ልተኛ ነው” ይላል። ለእኔ ያኔ ረፋድ 3 ሰዓት ነው፣ ለሪያዷ እህታችን አመሻሽ 11 ሰዓት። በየቀኑ ነው የምላችሁ። ፊቱን አሳይቶን አያውቅም፤ እጁን፣ ስኒውንና ፔርሙዙን ግን በጨለማም እንለያቸው ነበር።

የሁላችንንም ሙት ዓመት በቃሉ የሚይዘው እሱ ነበር። “ዛሬ የእናትህ ነው፣ ሻማ አበራህ?” ይለኛል፤ እኔ ራሴ ረስቼው ነው የማድረው። እናቴ ያረፈች ጊዜ ወረቀቴ ስላልተስተካከለ ለቀብሯ መሄድ አልቻልኩም ነበር። ለቅሶ ደራሾች ከቤት ከወጡ በኋላ ያለውን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋሼ ያን ሌሊት ስልኩን አልዘጋም። መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ፣ ጥሩንባ ሲነፋበት እየሰማሁ፣ በመሀል በመሀል “አለሁ፣ ቀጥል” እያለኝ እስኪነጋ አወራኋት። ስለ እናቴ የሚያውቀውን ያህል ወንድሜም አያውቅ።

ታዲያ በዚህ ብርድ አንድ ቀን “እንዴት አደራችሁ” ሳይል ቀረ። በማግስቱም ቀረ። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል አልን። እኔ ደግሞ ከሳምንት በፊት “ድሮ ፒያሳ አንድ ኬክ ስንት ነበር” በሚል በማይረባ ነገር ተጨቃጭቀን ስለነበር አኩርፎኛል ብዬ እኔም አኮረፍኩ። አፈርኩ እላችኋለሁ። ሰውዬው ሞቶ እኔ በኬክ ዋጋ አኩርፌ ከረምኩ።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ነው የደነገጥነው። ለማን ይደወላል? ሚስት ትኑረው፣ ልጅ ይኑረው፣ ከማን ጋር ይኑር፣ የትኛው ፓርኪንግ ይሥራ አናውቅም። ቁርሱን እናውቃለን፣ ጉልበቱን የሚያመው መቼ መቼ እንደሆነ እናውቃለን፣ የአባቱን ስም አናውቅም! ድሮ እዚህ አብሮኝ ይነዳ የነበረ አንድ ልጅ አሁን ሲያትል ስላለ ለመንኩት። በየፓርኪንጉ እየዞረ “ጋሼ የሚባል አበሻ” ብሎ ጠየቀ፤ ሲያትል ውስጥ ፓርኪንግ የሚሠራ ጋሼ ስንት አለ! በሦስተኛው ቀን የፔርሙዙን ፎቶ ሲያሳይ አንድ ኤርትራዊ ሠራተኛ አየውና “ይሄማ የሱ ነው፣ ቀበርነው እኮ” አለው።

ሙሉ ስሙን ሲነግሩኝ የማላውቀው ሰው የሞተ መሰለኝ። ማልቀስ አቃተኝ። አገር ቤት የእድር ጥሩንባ ነፊ በንጋት ሲዞር የሟቹን ስም ጠርቶ ነው፤ አልቃሿም ከስሙ ተነስታ አባቱን፣ አገሩን፣ የሠራውን እየጠራች ነው ሰው የምታስለቅሰው። እኔ በምን ልነሳ? ለጸሎት እንዲያስቡልኝ ቄሱ ጋ ብሄድ መጀመሪያ የጠየቁኝ “ክርስትና ስሙ ማነው?” ብለው ነው። ዝም አልኩ። “ጓደኛህ ነው አላልክም?” አሉኝ። ሁለት ቀን ፈጀብን ያንን ስም ለማግኘት። የተገኘውም እሱ በየወሩ ያዋጣበት ከነበረ የእድር ማኅበር መዝገብ ላይ ነው። እኛ ስንት ዓመት ያልጠየቅነውን የእድሩ ጸሐፊ በአንድ መስመር ጽፎ አስቀምጦታል። “እድር የኋላ ቀር ነገር ነው፣ ኢንሹራንስ አለኝ” ለምትሉ ወንድሞች ይቺን ልብ በሉልኝ።

ሪያድ ያለችው እህታችን ሙስሊም ናት። “እኔ ዱዓ ሳደርግ አላህ ማንን እንደማለቅስ ያውቃል፣ ስም አልጠየቀኝም” አለች፣ በስሙም ባይሆን ለሱ ብላ ሶደቃ አወጣች። አባባሏ አጽናንቶኛል፣ ግን አላሳመነኝም። ፈጣሪማ ያውቀዋል፤ ማወቅ የነበረብን እኛ ነን። መርዶ ለመንገር እንኳ የምንሄድበት ቤት አልነበረንም። እዚህ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ገና ሳይነጋ አምስት ስድስት መኪና ደጃፉ ላይ ሲቆም ሰውዬው በመስኮት አይቶ በሩን ሳይከፍት ይገባዋል። ለጋሼ ሰዎች መኪናችንን የት እናቁም?

ስም የደበቅነው ያለምክንያት አይደለም። ያኔ ጆሮ ጠቢ ይፈራ ነበር፣ አገር ቤት ያለ ወንድም እንዳይታሰር ይፈራ ነበር። ወረቀት የሌለውም አለ፣ ከአሠሪዋ ቤት የወጣችም አለች። ዛሬም በየኮመንቱ ስምህ ተጠርቶ ብሔርህ የሚቆጠርበት ጊዜ ነው። ስለዚህ አደባባይ ላይ ስማችሁን ስቀሉ አልልም። ግን ከወዳጆቻችሁ ለአንዱ፣ ለምታምኑት ለአንዱ ብቻ፣ ሙሉ ስማችሁንና የአንድ ቤተሰብ ስልክ ስጡ። “ሟርት ነው” የሚል እንዳለ አውቃለሁ፣ የኛም ቤት አንዱ ብሏል። እኔ ሟርት የምለው አስራ ሁለት ቀን ፔርሙዝ መጠበቅን ነው።

እኛ ባለፈው እሁድ አደረግነው። አስራችንም ለሪያዷ እህታችን ላክን፤ ምስጢር መያዝ የምትችል እሷ ናት። አንዱ የቤተሰብ ስልክ አልሰጥም አለ፣ ምክንያት አለው፣ ስሙን ብቻ ሰጠ፣ ተቀበልነው። ከዚያ የፈቀድን ስማችንን ለሁሉም አነበብን። ጎንደሬ ነው እያልን ስንቀልድበት የኖርነው የቶሮንቶው ጅማ ተወልዶ ያደገ ሆነ። የፍራንክፈርቱ ሙልጭ ያለ የልደታ ልጅ ነው፣ ከእኔ ሰፈር ሁለት መንደር አልፎ፤ ምናልባት አንድ ሜዳ ኳስ ተጫውተናል። አንዷ ስሟን ስትጽፍ “በዚህ ስም የጠራኝ ሰው ካለ አስር ዓመት አልፎታል” አለች። ሌሊቱን በሙሉ አልተኛንም፣ እንደ አዲስ ነው የተዋወቅነው። ጋሼ ቢኖር “ኧረ ልተኛበት” ብሎ ይቆጣን ነበር።

አርባው ቅዳሜ ነው። ሲያትል እድሩ ያወጣል፣ እኛም ያዋጣነውን ልከናል፤ እዚህ ደግሞ እኔ ቤት ንፍሮና ቡና ይኖራል። ፓልቶክ ዘመን የምታውቁት፣ በወንዙ ስም የምታስታውሱት፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ያላችሁ ብቅ በሉ። አድራሻውን በውስጥ ጻፉልኝና እልካለሁ፤ ስትጽፉ ግን ከነስማችሁ ይሁን።

ተራው ተንቀሳቀሰ። ኮመንቱን ማታ አነባለሁ።