የሕፃን ልብስ ለዓይን ነው ወይስ ለገላ?

ሕፃን አፍ የለውም። የከነከነውን ቦታ በጣቱ አያሳይም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ማልቀስ። ሲያለቅስ ታዲያ እኛ ትልልቆቹ የመሰለንን እንናገራለን። አንዱ «ርቦት ነው» ይላል። ሌላዋ «ሆዱን ቆርጦት ነው» ትላለች። ጎረቤት ገብታ «ዓይን በልቶታል» ብላ ትወጣለች። ልብሱን ገልጦ ገላውን የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩን ከራሴ ቤት ልጀምር። የኖርኩት አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ ነበር። ካዛንቺስ ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሠራበት ሰፈር ነው፤ ስሙም ከነዚያው ቤቶች መጠሪያ የመጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ብዙው ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። ያኔ ግን በአንድ ግቢ ስድስት አባወራ እንኖር ነበር። ቧንቧው አንድ፣ ውኃውም በፈረቃ።

የመጀመሪያ ልጄ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ የሚያብረቀርቅ ልብስ ገዛሁለት። አንገቱ ላይ ዳንቴል አለው፤ ወገቡ ላይ ላስቲክ አለው፤ ጨርቁ ናይለን ነው። ታጥቦ ውበቱ እንዳይጠፋ ብዬ ሳይታጠብ አለበስነው። እንግዳው ሁሉ «እንዴት ያምራል!» አለ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ሌሊቱን ልጁ አልተኛም። በማግሥቱ አንገቱ፣ ብብቱና ጀርባው ቀላ። እንደ ጤፍ የደቀቀ ሽፍታ ወጣበት። ላስቲኩ የተኛበት ወገቡ ላይ ሰንበር ሠራ። ሰፈሩ መከረ። አንዷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አምጥታ አሸችው፤ ባሰበት። ባለቤቴ «ልብሱ ቆሽሾ ይሆናል» ብላ ሳሙና አብዝታ አጠበችው። ውኃው ስለ ሄደ አንድ ጊዜ ብቻ አለቀለቀችው። ከዚያማ ጭራሽ ባሰ። የልጁን ለቅሶ ብረሳ እንኳ የባለቤቴን ፊት አልረሳም። «ልጅ መያዝ አትችልም» ተብላ ትታማ ነበር። ልብሱን የገዛሁ እኔ፤ የታማችው እሷ!

እናቴ አራስ ልትጠይቅ ከመንዝ መጣች። ልጁን አየችና «ይህን ከረጢት ከልጄ ላይ አውልቁልኝ» አለች። ያረጀ ነጠላዋን ቀደደች። አጠበችው፤ ሦስት ጊዜ አለቀለቀችው፤ ፀሐይ ላይ አደረቀችው። ያን አለበሰችው። በአራተኛው ቀን የልጁ ገላ ጠራ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጥጥ ስትፈትል ያረጀች ሴት ግን ናት።

ዛሬ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል። በየገበያው ለሕፃን የሚገዛው ናይለንና ፖሊስተር ነው። ከተማ የሄደች እኅትም ለወንድሟ ልጅ የምትልከው ያንኑ ነው። የቤቱ ፈትል ግን «የድሃ ልብስ» ተብሎ ሣጥን ገብቷል። እኔ ይህን አልደግፍም። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

የሕፃን ቆዳ ከእኛ ቆዳ የሳሳ ነው። እኛን የማይሰማን ስፌትና ሸካራ ጨርቅ እሱን ይፍቀዋል። የላቡ መውጫ ቀዳዳም ገና አልጠነከረም። ናይለንና ፖሊስተር ላብ አይመጡም። ላቡ ሲታፈን ቀዳዳው ይደፈናል፤ ሽፍታ ይወጣል። ጥጥ ግን ላቡን ይመጣል፤ ነፋስም ያሳልፋል። አዲስ ልብስ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይጨማደድ መድኃኒት ሊነከር ይችላል። ቀለሙም ትርፍ አለው። ስለዚህ አዲስ ልብስ ንጹሕ ቢመስልም ሳይታጠብ ለሕፃን አይለበስም። በልብሱ ውስጥ የተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ከምን እንደ ተሠራ ትናገራለች። ጽሑፉ የፈረንጅ ቢሆን ቁጥሩን እናንተው ታነባላችሁ፤ ቃሉን ተማሪ ልጃችሁ ያንብብላችሁ። «ኮተን 100» ካለ ሙሉ ጥጥ ነው። ካነበባችሁ በኋላም ጨርቋን ቁረጧት፤ አንገቱን ትፍቀዋለችና።

«ብርድ ቢመታውስ?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ ሙቀቱ ቶሎ ይሸሸዋል፤ በደጋ አገር ብርድ ሕፃን ይገድላል። አልብሱ እንጂ አታልብሱ አላልኩም። ግን ከገላው የሚነካው ጥጥ ይሁን። ባናው ከላይ ይሁን። ትልቅ ሰው ከሚለብሰው አንድ ድርብ ቢጨመርለት ይበቃዋል። መለኪያው እግሩ አይደለም፤ የሕፃን እግር ቶሎ ይቀዘቅዛል። እጃችሁን ማጅራቱ ላይ አድርጉ። ላብ ካለው በዝቶበታል፤ ከቀዘቀዘ አንሶታል።

ሁለተኛው ነገር የሽንት ጨርቅ ነው። አንዳንድ እናት በአንቀልባ ስታዝል ጀርባዋ እንዳይርስ ከጨርቁ በላይ ፌስታል ታስራለች። ድካሟ ይገባኛል። ነገር ግን ሽንትና ዓይነ ምድር ታፍነው ሲውሉ የልጁን መቀመጫ ይልጡታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቶሎ መለወጥ፣ በውኃ ብቻ ማጠብ፣ ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ ጥቂት ጊዜም ገላውን ለነፋስ መተው። ቫዝሊን ካለ ስስ አድርጎ መቀባት ሽንቱን ይከላከላል። በላብ ሽፍታ ላይ ግን ቅቤም ሆነ ቫዝሊን አይቀባም፤ የተደፈነውን ቀዳዳ ይብሱኑ ይደፍነዋል። የማዳበሪያ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ከረጢት ለሕፃን ምንጣፍ ከቶ አይሁን።

ሦስተኛው ሳሙና ነው። የማይለቀለቅ ሳሙና ከእድፍ ይከፋል፤ ጨርቁ ላይ ደርቆ ይቆይና ሕፃኑ ሲያልበው ይነቃል። እንዶድም ያው ነው። እንዶድ የሚናቅ ነገር አይደለም። ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ለቢልሃርዝያ መከላከያ እንደሚሆን ለዓለም አሳውቀዋል። ቀንድ አውጣ የሚገድል አረፋ ግን የሕፃን ቆዳ ላይ መቅረት የለበትም። ልብስ ከብል ለመጠበቅ ሣጥን ውስጥ የሚጣለው የሚከረፋ ነጭ እንክብልም፣ ናፍታሊን የሚባለው፣ ለሕፃን ልብስ አይሆንም። በተፈጥሮ ደማቸው በማይችለው ሕፃናት ላይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል።

ሽፍታ ሁሉ ከልብስ አይደለም። ሌሊት የሚብስ፣ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የሚወጣ፣ ቤተሰቡንም የሚያሳክክ ከሆነ እከክ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ውኃ ሲጠፋ በአማራ ክልል እከክ እንደ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። እከክ በልብስም ይጋባል። ስለዚህ ሰልባጅ የገዛ ሰው በፈላ ውኃ ይንከረው፤ የማይነከረውን በፌስታል አስሮ አንድ ሳምንት ያቆየው። እከክ ከሆነ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይታከም። መግል የያዘ፣ ውኃ የቋጠረ፣ ወይም ትኩሳት ያለው ሕፃን፣ ጡት እንቢ ያለም ሕፃን፣ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ነገ አይባልም። ከሱቅ ያለ ትእዛዝ የሚገዛ ቅባት ግን ተዉ፤ አንዳንዱ ለጊዜው አድኖ ቆዳውን ያሳሳዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ሦስት ጊዜ አለቅልቂ» ማለት ለእናት ቀላል ምክር አይደለም። ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ማለት ተጨማሪ ውኃ ነው። ውኃውን የሚቀዳው ማን ነው? አራሷ ናት፤ ካልሆነም ትንሿ ልጇ። ውኃው ሳይጨምር ምክር ብቻ ከጨመርንባት፣ እኔ ባለቤቴን እንዳሳማኋት ሌላዋን እናሳማለን። ስለዚህ አባት ሆይ፣ ለሕፃኑ ልብስ በምታወጣው ገንዘብ አትመካ። በሬህን ውኃ ስታጠጣ አንድ ጀሪካን ለሕፃኑ ጨርቅ በአህያህ ጭነህ ተመለስ። በቀበሌ ስብሰባ ላይም የምንጩን ነገር አንሣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ጥራትና ይህንኑ ለወንዶቹ ታስተምር። እስካሁን ሴቶቹን ብቻ ስናስመክር ኖረናል።

ለክርስትናውም ቢሆን፣ ነጭ ፈትል ለብሶ ያረፈ ልጅ ናይለን ለብሶ ከሚያለቅሰው ያምራል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁ ሲያለቅስ ከሐሜቱ በፊት ልብሱን ገልጣችሁ ገላውን እዩት።