ወንዙን ማን ለካው?

«ክረምቱ ይመልሰዋል።» ይህች ቃል አንገሽግሻኛለች። ፍኖተ ሰላም ላይ ስለ ላህ ወንዝ አሸዋ ሲነሣ መልሱ ይኸው ነው። ቡሬ ላይ ስለ ፈጣም ወንዝ ሲነሣም ያው። ይዛቅ፣ ሲኖትራክ ይጫን፣ ክረምት ሲገባ ይሞላል! ማን አየ? ማን ለካ?

አሸዋ ወደሚወጣበት ወንዝ ውረዱና ዳር ላይ የቆመች ሾላ ፈልጉ። ሥሯ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። አፈር ለብሶ የኖረው የሥሩ ክፍል የት ድረስ እንደነበር ቅርፊቱ ራሱ ይናገራል። እኔ ሥሯን የነካሁት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ነው። ያ ሁሉ ከፍታ የወንዙ ወለል ነበር። በበጋ እናቶች አሸዋውን ጫር ጫር አድርገው ንጹሕ ውኃ በቅል ይቀዱበት ነበር። ዛሬ ያለው የተቆፈረ ጉድጓድና አረንጓዴ የለበሰ ውኃ ነው።

ክረምቱማ ያመጣል። የሚያመጣው ግን በአብዛኛው የማሳ ጭቃ ነው። አሸዋና ጠጠሩ ዘመናት ፈጅቶ ከድንጋይ ተፈጭቶ የወረደ ነው፤ በአንድ ሐምሌ አይተካም። ወለሉ ሲጎደጉድ ጎርፉ ዳሩን ከሥር ይቦረቡራል፣ የበቆሎ ማሳ ይንዳል። የጉድጓድ ውኃ ይሸሻል። የድልድይ እግር ይራቆታል። አሸዋ የሸጠው ሌላ፣ መሬቱ የተናደበት ሌላ!

«የወጣቱ እንጀራ ነው» ይሉኛል። ወጣቱማ አካፋ ይዞ ፀሐይ ሲጠብሰው ይውላል፤ ትርፉ የት ገባ? የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሲያዝ ባህላዊ አምራቾችን ነፃ ያደርጋል። በዚያ ቀዳዳ ስንቱ ሾለከ? ኤክስካቫተር ከመቼ ወዲህ ነው ባህላዊ የሆነው?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግብዝነታችን ነው። ሐምሌ ላይ ካሜራ ፊት ችግኝ እንተክላለን፤ ኅዳር ላይ እዚያው ተራራ ሥር ወንዙን እንዝቃለን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ስንቶቻችን አለቀስን? ከደመወዛችን ቆርጠን ቦንድ ገዝተናል። ላህም፣ የብር ወንዝም፣ ፈጣምም የሚወርዱት ወደ ዓባይ ነው። የምንንደው አፈር መንገዱ ወደዚያው ግድብ ነው። በገዛ ገንዘባችን የሠራነውን በገዛ እጃችን ደለል እናጎርሰዋለን!

ግልገል ዓባይ ደግሞ ከሰከላ ተነሥቶ ጣና ይገባል። ከጣና በቀር በዓለም የትም የማይገኙ የላቢዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት ወንዞቹ አፍ ላይ ተሰብስበው ሽቅብ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩ ተዝቆ የተረፈው በጭቃ ከታፈነ የት ይራቡ? የእምቦጭ አረም ጣና ላይ ሲመጣ አገር ምድሩ ዘመተ፤ ደግ አደረገ። ለወንዙ አፍ ግን ማን ወጣ? ማንም! እምቦጭ ከላይ ይታያል፤ የተዛቀ ወለል ከውኃ በታች ነውና ፎቶ አያምርበትም።

የህንዷ ኬረላ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የወንዝ አሸዋ ኦዲት እንዲደረግ አዘዘች። እኛን ምን ያዘን? ከክረምት በፊትና በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ገመድ ወጥሮ ጥልቀት መለካት ይህን ያህል ያቅታል? ወለሉ ካልተመለሰ ቦታው ይዘጋ። ጉድጓዱ ይደልደል፤ ዳሩ በቀርቀሃና በሸንበቆ ይታሰር። ባሕር ዛፍ እንዳትሉኝ! ወጪውም ከሻጩ ኪስ ይውጣ። ለግንባታው ደግሞ ጎጃም ድንጋይ ቸግሮት ያውቃል? ጥቁር ድንጋይ ተፈጭቶ አሸዋ ይሆናል። ይወደዳል? የወንዙ አሸዋ የረከሰው የተናደው ማሳ ዋጋ ስላልተደመረበት ነው።

ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። ቤታችሁ በዚያው አሸዋ ስለተሠራ ይሉኝታ ይዟችኋል። ቤቱ ይቁም፤ ማንም አፍርሱ አላለም። በሚመጣው የቀበሌ ስብሰባ ግን እጃችሁን አውጡና ጠይቁ፦ ዘንድሮ ስንት ሜትር ኩብ ወጣ? በማን ፈቃድ? ጉድጓዱንስ የሚደፍነው ማን ነው?