የላይኛው ሰፈር ውኃ፣ የታችኛው ሰፈር ዕዳ

አዲስ አበባ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ አይደለችም። በእንጦጦ ጫፍና በአቃቂ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,000 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ በተቀመጠ ከተማ አንዱ ከግቢው ያስወጣው ውኃ ሌላው ግቢ ይገባል። ዳገት ላይ ውኃ አይወገድም፤ ባለቤት ይቀይራል እንጂ።

እኛ ግን ተዳፋቱን የገነባነው ይህን እንደማናውቅ ሆነን ነው። ከኮተቤ ወደ ካራ ስትወጡ ግራና ቀኙን ተመልከቱ። ትናንት ባሕር ዛፍና ማሳ የነበረው ቦታ ዛሬ ፎቅ ቤት ሆኗል። መጀመሪያ ቤቱ መጣ፣ ቀጥሎ መብራቱ፣ ከዚያ ነዋሪው አዋጥቶ ያነጠፈው ኮብልስቶን። የጎርፍ መውረጃው ግን በብዙ መንደሮች እስካሁን አልመጣም። የመጣበትም ቦታ ቢሆን መጨረሻው ወንዝ ሳይሆን የአንድ ሰው አጥር ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 100 ሊትር ውኃ ይሰበሰባል። በአንድ የክረምት ከሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል ከአንድ ጣሪያ ብቻ 4,000 ሊትር ይወርዳል። ይህም ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ማለት ነው። መንደሩ 100 ቤት ካለው 400,000 ሊትር ይሆናል። ይህ የጣሪያው ብቻ ነው። ድሮ ከዚህ ውስጥ ሣሩና አፈሩ የሚጠጡት ድርሻ ነበራቸው። ዛሬ ግቢው ሊሾ ነው፣ መንገዱ ድንጋይ ነው፣ አሸንዳው በቱቦ ተጠልፎ በአጥር ቀዳዳ ወደ መንገድ ይለቀቃል። ባለቤቱም «ግቢዬ ደረቅ ነው» ብሎ ይተኛል። እውነቱን ነው፤ የእሱ ግቢ ደረቅ ነው።

ከዚህ የባሰው አሸንዳውን ከፍሳሽ መስመር ጋር የሚያገናኘው ነው። የፍሳሽ ቱቦ የሚዘረጋው ከሽንት ቤትና ከማዕድ ቤት የሚወጣውን ያህል ውኃ ተሰልቶ ነው። የመቶ ጣሪያ ዝናብ ሲጨመርበት መያዝ ያቅተውና ታች ባለው መንደር የማንሆሉን ክዳን አንስቶ ይወጣል። ዝናብ ሲጥል ጠብቆ የሽንት ቤት ጉድጓዱን መንገድ ላይ የሚለቅም አለ። «ጎርፉ ይወስደዋል» ይላል። ወዴት ነው የሚወስደው?

ሌላው ችግር ከመሬት በታች ስላለ አይታይም። የንጹሕ ውኃ መስመር በየሰፈሩ በዲች ውስጥ ተጋድሞ ሲሄድ ያላየ የለም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቧንቧው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ባዶ ቧንቧ ደግሞ በተሰነጠቀበት ሁሉ ዙሪያው ያለውን ያስገባል። ዳገት ላይ ይህ ይብሳል። ውኃ 10 ሜትር በወጣ ቁጥር አንድ ባር ያህል ግፊት ያጣል። ስለዚህ ከላይ ያለው ቤት ሲንጠባጠብ፣ 60 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ቤት መገጣጠሚያው በግፊት ይፈነዳል። የላይኛው ነዋሪ መፍትሔ ብሎ መስመሩ ላይ ሞተር ይገጥማል። ሞተሩ ውኃ ሲያጣ ከዲቹ ያለውን በስንጥቁ ይስባል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ገብቶባት እንደነበር አንርሳ።

የድጋፍ ግንቡም እንዲሁ ነው። ውኃ መውጫ ቀዳዳ ያልተተወለት ግንብ ከኋላው ያለው አፈር ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ይገፋል። ሲወድቅ ደግሞ የሚወድቀው በሠሪው ላይ ሳይሆን ከታች ባለው ጎረቤት ላይ ነው።

አበው «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ። ኮብልስቶኑ ላይ ኩልል እያለ የሚወርደው ውኃ ያምራል። ወንዝ ዳር ሲደርስ ግን ቤት ይዞ ይሄዳል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደረሰው ጎርፍ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ወንዝ ዳር የሚኖረው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ መኖር ያልቻለ ሰው ነው። ፎቅ የሠራው ሰው ያተረፈውን ወጪ እየከፈለ ያለው እሱ ነው።

«መንግሥት ካልሠራ እኛ ምን እናድርግ?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ካርታ ሰጥቶ፣ የግንባታ ፈቃድ ፈርሞ፣ ግብር ሰብስቦ ውኃው የሚወርድበትን ቦይ ያልሠራ አስተዳደር ተጠያቂ ነው። በኮሪደር ልማት በዋና መንገዶች ላይ የታየው ትጋት ወደ ውስጥ ለውስጥ ተዳፋቶችም መግባት አለበት። ግን አሸንዳችንን ወደ ጎረቤት ያዞርነው እኛ ነን።

ስለዚህ የሚከተሉት ይደረጉ እላለሁ።

አንደኛ፣ መድረሻው ያልታወቀ የጎርፍ መውረጃ አይሠራ። ቦይ የሚጀመረው ከታች፣ ከወንዙ ነው። ከላይ የተጀመረ ቦይ ጎርፉን ሰብስቦ ለአንድ ሰው ማስረከብ ነው።

ሁለተኛ፣ የጣሪያ ውኃ የት እንደሚሄድ በፕላኑ ላይ ያላሳየ ቤት የመጠቀሚያ ፈቃድ አያግኝ። አጥር ለካ የሚል ደንብ አስከባሪ አሸንዳም ይይ።

ሦስተኛ፣ አሸንዳችሁ ሥር ሮቶ አስቀምጡ። ውኃ በፈረቃ እየጠበቅን፣ በቦቴ እየገዛን፣ በክረምት ሺህ ሊትር ወደ ጎረቤት መድፋት ምን ይባላል? ለልብስና ለመጸዳጃ ይበቃል፤ ጎርፉንም ይቀንሳል።

አራተኛ፣ ኮሚቴ በብሎክ ሳይሆን በተዳፋት ይደራጅ። የላይኛውና የታችኛው መንደር በአንድ ስብሰባ ይቀመጡ። በለቅሶና በሠርግ በዕድር የሚገናኝ ሕዝብ በጎርፍ መገናኘት አያቅተውም። የኮብልስቶን መዋጮ ሲሰበሰብም ቅድሚያው ለቦዩ ይሁን።

አምስተኛ፣ ዲች የሚጠረገው በግንቦት ነው። ሐምሌ ላይ አካፋ ይዞ መውጣት ለፎቶ ካልሆነ አይጠቅምም።

ዳገት ላይ የሚኖር ሰው ከበሩ ሲወጣ ሩቅ ያያል፤ የከተማው መብራት ሁሉ ከእግሩ ሥር ነው። ከእነዚያ መብራቶች ሥር የሚኖሩ ሰዎች ግን ክረምት በመጣ ቁጥር እንቅልፍ የላቸውም። ዝናቡ የፈጣሪ ነው። አቅጣጫውን የሰጠነው ግን እኛ ነን።