ለውሃው ዳኛ አለን፤ ለመርዙስ?

የይፋት ቆላ ገበሬዎች ሆይ! የቀወት፣ የኤፍራታና ግድም፣ የሸዋ ሮቢት ዙሪያ አትክልት አምራቾች! ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው።

ጤፍና ማሽላ ላይ የምንረጨው ቱፎርዲ የተባለው ፀረ-አረም ቅጠለ ሰፊ አረምን ለይቶ እንዲገድል የተሠራ ነው። ማሾም ቅጠለ ሰፊ ነው፤ ቲማቲምና በርበሬም እንዲሁ። በነፋስ የተነሣው ብናኝ ድንበር ተሻግሮ የጎረቤት ማሾ ላይ ሲያርፍ፣ መድሃኒቱ ማሾውን ከአረም አይለየውም። ቅጠሉ ይጨማደዳል፤ ግንዱ ይጠማዘዛል፤ አበባው ይረግፋል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚገበያየው፣ የልጆች ደብተርና ልብስ የሚገዛልን ማሾ በሰው እጅ ይጠፋል።

በቅጠሉ ውስጥ የሚሆነውን እንወቅ። ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሲሠራ ኤሌክትሮኖች በሕዋሱ ውስጥ ተራቸውን ጠብቀው ያልፋሉ። ኬሚካል ይህን መንገድ ሲያውክ፣ የተደፈነ ቦይ ውሃ ጠርዙን ጥሶ እንደሚወጣ፣ ኤሌክትሮኖቹ አፈትልከው ኦክስጅን ላይ ያርፋሉ። ያን ጊዜ ኦክስጅኑ ሱፐርኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ወደሚባሉ አጥፊ ውህዶች ይለወጣል። እነዚህ የሕዋሱን ሽፋን ይበላሉ፤ ፕሮቲኑን ያበላሻሉ፤ አረንጓዴውን ክሎሮፊል ያጠፋሉ። ሊቃውንቱ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይሉታል። ፓራኳት የተባለው ፀረ-አረም የሚገድለው በዚሁ መንገድ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ አይፈቅደውም። ቱፎርዲ ደግሞ የተክሉን የእድገት ሆርሞን አስመስሎ ገብቶ እድገቱን ሲያዛባ፣ እነዚያኑ ውህዶች ከልክ በላይ ያስመርታል። መዳብ ያለበት ፀረ-ፈንገስም መጠኑ ሲያልፍ ያው ጉዳት አለው።

ተክል መከላከያ የለውም ማለት አይደለም። ካታሌዝን የመሳሰሉ ኢንዛይሞች፣ ቫይታሚን ሲና ካሮቲን አጥፊዎቹን ያመክናሉ። ነገር ግን የቆላው ሙቀትና የዝናብ እጥረት እነዚህን ጠባቂዎች አስቀድሞ ወጥሮ ይዟቸዋል። በዚያ ላይ በቀትር ፀሐይ፣ በክዳን ግምት ለክተን፣ ሦስት ዓይነት ኬሚካል ደባልቀን ስንረጭ ተክሉ ፍሬ የሚያፈራበትን ጉልበት ራሱን ለማዳን ያውለዋል። የሞተ ቅጠል ባናይም ምርቱ ይቀንሳል።

ይህን ጉዳት አንድ ገበሬ ብቻውን ሊከላከለው አይችልም። እኔ በጥንቃቄ ብረጭ የጎረቤቴ ብናኝ ይደርስብኛል። እኔ መርጫዬን ከቦይ ርቄ ባጥብ ከላይ ያለው ገበሬ ግን ሮቢ ወንዝ ውስጥ ካጠበ፣ ውሃው ሽንኩርቴንም ከብቶቼንም ያገኛቸዋል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ስለዚህ መፍትሔውም የጋራ መሆን አለበት። የመስኖ ውሃ ጠብ እንዳያስነሣ የውሃ አባት መርጠን፣ ተራ አውጥተን፣ ተራ የሰበረውን የምንቀጣ ሕዝብ ነን። ለውሃ ያበጀነውን ሥርዓት ለመርዝም እናብጅ!

ሰኔ ሳይገባ በየቦዩና በየጎጡ እንሰብሰብ። የውሃ አባቶች፣ ሽማግሌዎች፣ እማወራዎችና በቀን ሥራ የሚረጩት ወጣቶች አብረው ይቀመጡ። እነዚህንም እንወስን፦

ማንም ሰው ቱፎርዲ ከመርጨቱ በፊት ለማሳ ጎረቤቶቹ ይናገር። ነፋስ ባለበትና በቀትር መርጨት ይቅር።

ለፀረ-አረም የተለየ መርጫ ይኑር። አቅም ለሌለው በማኅበር እንግዛ። የቱፎርዲ ቅሪት ያለበት መርጫ ቲማቲም ላይ መዋል የለበትም።

ወንዝና ቦይ ውስጥ መርጫ አይታጠብ፤ ባዶ ጠርሙስ አይጣል፤ በጠርሙሱም ውሃ አይቀዳ።

መለያ የሌለው፣ ወደ ሌላ ዕቃ ተገልብጦ የተሸጠ ኬሚካል አንግዛ። የተባይ ማጥፊያ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ኬሚካል መሸጥን ይከለክላል፤ ሻጩን በጋራ እንጠይቅ።

የሽንኩርት ቅጠል ገልጠን ትሪፕስ የተባለው ተባይ መኖሩን ሳናይ ቀን ቆጥረን አንርጭ።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ድርሻ አላችሁ። አፈራችንንና ውሃችንን መርምሩ፤ ውጤቱንም ማሳችን ድረስ አምጥታችሁ በአማርኛ ንገሩን። ገበሬው ኬሚካል ለመግዛት ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት የሚያማክረው ባለሙያ ያግኝ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል አባባላችን። ዓርብ ከጁምዓ ስትወጡ፣ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሱ ነገሩን አንሡት። ስብሰባውን ሌላ ሰው እስኪጠራው አትጠብቁ፤ ጎረቤታችሁን ዛሬ ጥሩ። የስብሰባውን ቀን ቁረጡ፤ ደንቡን ጻፉ፤ ፈርሙበት፤ አስከብሩት!